ሐዋሳ ላይ 5 ቅዳሜ የተከታተልኩት የቡድን ምክር፦ ምን አገኘሁ፣ ምን ጎደለው

ሰዎች ጭንቀታቸውን እንዲቋቋሙ የሚረዳውን ይህን የቡድን ምክር የሚሰጠውን ቤት ስም አልጽፍም። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ ቡድናችን ደግሞ 9 ሰው ብቻ ነበር። ስሙንና ወሩን ካወጣሁ ማን ማን እንደነበረ የሚገምት ሰው አይጠፋም። እዚያ ክፍል ውስጥ የተወራው እዚያው እንዲቀር ተማምነን ነው የተለያየነው። ግን ስለ አገልግሎቱ ዝም ማለትም አልፈልግም። ከመሄዴ በፊት የሰው አስተያየት ፈልጌ አንድም ነገር አላገኘሁም። ስለ ዓሣ ቤት፣ ስለ ጁስ ቤት፣ ስለ ሪዞርት የሚጽፍ ሞልቷል። ስለዚህ የሚጽፍ የለም።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የምለው አይገባችሁም።

የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲከፈት ወሬውን ሰምቼ በዓመቱ መጣሁ። ኦፕሬተር ሆኜ ገባሁ፣ በኋላ የላይን፣ ማለትም የአንድ የስፌት መስመር፣ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። በ2014 ታኅሣሥ አገራችን ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ ስትወጣ የአሜሪካ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ የምሠራበት ፋብሪካም ሰው ቀነሰ፣ እኔም ወጣሁ። ባጠራቀምኳት ገንዘብ አንድ ያገለገለ ጁኪ የስፌት ማሽንና አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ) ገዝቼ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ክፍል ተከራየሁ። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የቤት ልብስ እሰፋለሁ። ኑሮ ነው፣ ይገፋል።

ባለፈው ዓመት እናቴ ስኳሯ ከፍ ብሎ እግሯ ቆሰለ። ለሕክምና ወደ እኔ አመጣኋት። በሳምንት 3 ቀን ቁስሏን ለማሳጠብ በባጃጅ እወስዳታለሁ፣ መልሼ አመጣታለሁ፣ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ማታ እሷን አስተኝቼ እስከ እኩለ ሌሊት እሰፋለሁ። ማንንም አላስቸገርኩም። «ቻይ ናት» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት መርፌው የግራ እጄን ጠቋሚ ጣት ጥፍሩን በስቶ ገባ። ስፌት ላይ የቆየ ሰው ያውቀዋል፣ በፋብሪካም ያጋጥማል። ማሽኑን አጥፍቼ ጎኑ ላይ ያለውን መዘውር በቀኝ እጄ ቀስ አድርጌ አዞርኩት፣ መርፌው ወጣ፣ ክሩ ጣቴ ውስጥ ቀረ። ክሩን በመቀስ ቆረጥኩና ሳብኩት። ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣች ተማሪ አፏን ይዛ ታየኛለች። «እትዬ፣ አላመመሽም?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። እውነቴን ነበር። ምንም አልተሰማኝም፣ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። በማግስቱ የእናቴን ቁስል ለምታጥበው ነርስ ስነግራት ስለዚህ የቡድን ምክር ነገረችኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 5 ሳምንት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት። ክፍያው 2,000 ብር ነው፣ በአንዴ ነው የሚከፈለው። ቡድኑ ከመጀመሩ በፊት ለብቻችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ያናግሯችኋል። ራሴን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ በቀጥታ። ያን ቀን ከእኔ ጋር ተራ ይጠብቅ የነበረን ልጅ ቡድኑ ውስጥ አላስገቡትም፣ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ላኩት። በር ላይ ተናዶ ሲነግረኝ እኔም ተናድጄ ነበር። ኋላ ሲገባኝ ግን ትክክል ናቸው። ይህ ዘዴ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም ሕይወቱ አደጋ ላይ ላለ ሰው የተሠራ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ማስቀመጥ ነበር ጥፋቱ።

ዘዴው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው፣ መመሪያውም በነጻ ይገኛል። ፓኪስታን ፔሻዋር ላይና ኬንያ ናይሮቢ ላይ ተሞክሮ የሰዎችን ጭንቀት መቀነሱ ታይቷል። ሥልጠና የወሰደ ሰው ሁሉ እንዲሰጠው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የግድ የሥነ ልቦና ዲግሪ አይጠይቅም። ውስጡ 4 ነገር አለ፦ ሰውነትን ማረጋጋት፣ ችግርን ለያይቶ መያዝ፣ የተውነውን ሥራና ደስታ ቀስ በቀስ መጀመር፣ ከሰው የምናገኘውን ድጋፍ ማጠናከር። እኔ ይህን የጻፍኩት ለ4ኛው ስል ነው፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ቅሬታ። ገና ስንገባ አንድ መጠይቅ ያስሞላሉ። 12 ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ትሰጣላችሁ። ዚሜት የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ነው። ከቤተሰብ፣ ከጓደኛና ከአንድ የቅርብ ሰው ምን ያህል ድጋፍ አለኝ ብለህ እንደምታስብ ይለካል። መጠይቁ ጥሩ ነው፣ የሰጡን አማርኛ ግን ከሰው አፍ የወጣ አይመስልም። «ልዩ ሰው» ይላል ደጋግሞ። ከእኛ መካከል ያሉት ወጣቶች እጮኛ መስሏቸው 1 ሰጡ። ጡረታ የወጡ ሹፌር አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ልዩ ሰው ማለት እግዚአብሔርን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው የምር ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ መልሳቸው ከሁላችንም የተሻለ ነው። ግን ሰው በተለያየ መንገድ እየተረዳ የሞላው ወረቀት ምን ይለካል? «ሲጨንቀኝ የማልደብቀው አንድ ሰው አለኝ» ቢሉት እኮ ሁሉም ይገባው ነበር።

የ1ኛው ቅዳሜ ትምህርት ትንፋሽ ነው። ቀስ ብሎ ከሆድ መተንፈስ። ቀላል ነው፣ ይሠራል፣ ብዙ የምለው የለኝም።

2ኛው ላይ ችግራችሁን ትዘረዝሩና በ3 ትከፍሉታላችሁ፦ ለውጥ ላመጣበት የምችለው፣ ከእጄ ውጭ የሆነው፣ ያን ያህል የማያስጨንቀው። እዚህ ላይ አማካሪዋን ወደድኳት። አንዲት ልጅ ነበረች፣ እሷም የፓርክ ልጅ፣ አንድ ክፍል ለ4 ተከራይተው የሚኖሩ። የኪራይ ድርሻዋን ካልከፈለች ልትወጣ ነው። አንዱ ተሳታፊ «ዋናው የውስጥ ጥንካሬ ነው፣ አንቺ በርቺ» አላት። አማካሪዋ አስቆመችው። «ኪራይ በብርታት አይከፈልም» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ከዚያ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብላ ችግሩን ለያየችው፦ አከራይዋን ቀን ማስጨመር፣ ከጓደኞቿ ጋር ማውራት፣ የትኛውን በዚህ ሳምንት፣ የትኛውን በሚቀጥለው። «በርቺ» የሚለው ቃል ሰውን ብቻውን ጥሎ መሄጃ እንደሚሆን እዚያ ነው ያየሁት። እኔም ስንቱን ኦፕሬተር «በርቺ» ብዬ አልፌያለሁ።

3ኛው አመለጠኝ። እናቴ ያን ቀን ትኩሳት ነበራት። ደውዬ አሳወቅኩ። ማካካሻ የለም፣ ብርም አይመለስም ተባልኩ፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «እናትሽ እንዴት ናቸው» እንኳን አላለችም። ሰውን ስለመደገፍ የሚያስተምር ቤት ስልክ አነሳሱን ሊያስብበት ይገባል። ይህን ለአማካሪዋም ነግሬያታለሁ።

4ኛው ቅዳሜ። ወረቀት ታደለን። በቀኝ በኩል ባለፉት 2 ሳምንታት ውስጥ «ላግዝሽ» ወይም «ምን ላድርግልህ» ያላችሁን ሰው ሁሉ ጻፉ አለችን። በግራ በኩል ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ፣ ቃል በቃል።

እኔ የማስበው ሰው የለኝም ብዬ ነበር። ሰው አገር ነኝ፣ ወንድሜ ሆሳዕና ነው፣ የቅርብ ጓደኛዬ ቤይሩት ናት። ጻፍኩ። ግቢያችን ውስጥ ያሉት እትዬ፦ «እናትሽን ከፈለግሽ እኔ አያታለሁ።» ባጃጅ ነጂው፦ «ታጥበው እስኪወጡ ልጠብቃችሁ።» ድሮ ከእኔ ላይን የነበረች ልጅ፦ «እሑድ መጥቼ ክር ልልቀምልሽ።» ወንድሜ፦ «ለ1 ሳምንት ልምጣ?» የጸሎት ቡድን እናቶች፦ «ምግብ ይዘን እንምጣ።» ከ5 ሰው በላይ። በግራ በኩል የጻፍኩት ደግሞ ይኸው፦ «አይ፣ አለሁ።» «አይ፣ ሂድ፣ ሥራ ይቀርብሃል።» «ደርሻለሁ፣ ተይው።» «ምን በወጣህ።» «ምንም አልጎደለም።» ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

አብዛኞቻችን ወረቀት ላይ የነበረው እንዲሁ ነው። ሆድ ይፍጀው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እንቢ ማለት ጨዋነት፣ መቀበል ሸክም መሆን ይመስለናል።

ጋሼ ብቻ የተለየ ነገር ተናገሩ። በ2 እድር ውስጥ አሉ፣ አንዱን ራሳቸው ናቸው ያቋቋሙት። «እድር የሞት ቀን ይደርስልሃል፣ ድንኳኑም ወንበሩም ሰውም አለ። እኔ የምፈልገው ዝም ብሎ ማክሰኞ የሚመጣ ሰው ነው» አሉ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ 3 ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ከዚያ ጸጥ። አማካሪዋ ያኔ የድጋፍ ዓይነቶችን አስረዳችን። ጄምስ ሃውስ የሚባል የሶሺዮሎጂ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 በ4 ከፍሏቸዋል፦ ስሜትን የሚጋራ፣ በእጅ ወይም በገንዘብ የሚያግዝ፣ መረጃ የሚሰጥ፣ ስለ ራስህ እውነቱን የሚነግርህ። እድር፣ እቁብ፣ ደቦ በሁለተኛው ጠንካሮች ናቸው። እድር በለቅሶ ጊዜ የመጀመሪያውንም ይጨምራል። ለማክሰኞው ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል፣ ያንን ደግሞ መጠየቅ አለብህ።

የቤት ሥራው ከዝርዝሩ አንድ ሰው መርጦ መመለስ ነበር። «አግዘኝ» ብሎ በደፈናው አይቻልም። ምን፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት ተብሎ ይጠየቃል። እኔ እትዬን መረጥኩ። እሑድ ማታ በራቸው ላይ ቆሜ ሁለቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። «ማክሰኞ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ከእናቴ ጋር ቢቀመጡልኝ፣ ዩኒፎርም ላስረክብ ነው» አልኳቸው። የጉሮሮዬን መድረቅ አሁንም አስታውሰዋለሁ። እሳቸው ምን አሉኝ? «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ቤትሽ ሰው እንዲገባ የማትወጂ መስሎኝ ነው የተውኩሽ።»

ማክሰኞ ስመለስ ከግቢው በር ጀምሮ የእናቴ ሳቅ ይሰማኛል። ቡና ተፈልቷል። እትዬ ሃዲይኛ ይናገራሉ። በልጅነታቸው እኛ አገር አካባቢ ነው ያደጉት። 3 ዓመት አንድ ግቢ ኖረን አላወቅኩም፤ እናቴ ደግሞ ሐዋሳ ከመጣች ጀምሮ ከእኔ ሌላ በቋንቋዋ የሚያወራት አላገኘችም ነበር። ብቸኝነቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ የእሷን አላየሁትም። «አለሁ፣ አለሁ» ስል በእሷም ላይ በር እየዘጋሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለዚህ ነገር ሳነብ ከረምኩ። አንድ የምርምር ውጤት ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሆልት-ላንስታድና ባልደረቦቿ 148 ጥናቶችን ሰብስበው አዩ፣ ከ308,000 በላይ ሰው ያለባቸው። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ደግሞ የእኔን ነገር ገለጠልኝ። ከደህንነታችን ጋር ይበልጥ የሚያያዘው የተቀበልነው እርዳታ ብዛት አይደለም፣ «ቢያስፈልገኝ ሰው አለኝ» ብለን ማመናችን ነው። እትዬ የሚመጡት በሳምንት አንዴ ነው፣ 2 ሰዓት ብቻ። ሥራዬ ከበፊቱ ብዙም አልቀነሰም። እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

የውስጥ ጥንካሬ የሚባለውንም በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። መቻል ብቻ ይመስለኝ ነበር። መርፌ ጣቴ ውስጥ ገብቶ አለማልቀስ። አማካሪዋ በመጨረሻው ቅዳሜ ስለ ባንዱራ አነሳችልን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለጻፈው፦ «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለው እምነት ከሁሉ በላይ የሚያድገው ትንሽ ነገር ሞክረን ሲሳካልን ነው። ይህን ስሰማ ላይኔን አስታወስኩ። አዲስ ኦፕሬተር መጀመሪያ ቀን ኮሌታ አይሰጣትም። ቀጥ ያለ ስፌት ትሰፋለች፣ ከዚያ ኪስ፣ ከዚያ እጅጌ፣ ኮሌታ ከዚያ በኋላ ነው። ቸኩሎ ኮሌታ የሰጣት ሱፐርቫይዘር ልጅቷን ያጠፋታል። ይህን ለዓመታት ለሌላው ሳደርግ ኖሬ ለራሴ አላደረግኩትም። እትዬን መጠየቄ ቀጥ ያለ ስፌቴ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ለወንድሜ ደወልኩና «ና» አልኩት። በመጀመሪያው ቀን ይህን ሞክሪ ብትሉኝ አልደውልም ነበር። ድጋፍና ብርታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር፣ ብርቱ ሰው ድጋፍ የማይፈልግ። ለመጠየቅ ብርታት አስፈለገኝ፣ ጠይቄ ሲሳካ ደግሞ ብርታቴ ጨመረ።

ጉድለቱን ልጨርስ። ክፍሉ መጥፎ ነው። ግድግዳው ቺፑድ ነው፣ ጎን ያለው ቢሮ ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል፤ ስለዚህ እኛ ስናለቅስም ይሰማል ማለት ነው። አንዲት እናት በዚህ ምክንያት 2 ቅዳሜ ሙሉ አልተናገሩም። ሰዓትም አይከበርም። አንድ ቀን 40 ደቂቃ ዘግይተን ጀመርን፣ መጨረሻ ላይ ግን ልክ በ10 ሰዓት ወጣን። 2,000 ብር ደግሞ ለእኔ የበርካታ ዩኒፎርም ድካም ነው፣ በክፍፍል እንክፈል ስንል እሺ ማለት ነበረባቸው። የፓርኳ ልጅ የከፈለችው በብድር ነው።

ነጥብ ካላችሁኝ፦ አማካሪዋ ከ5 5። ዘዴው 4 ተኩል። መጠይቁ 2። ክፍሉ 2። ስልክ አነሳሱ 1። በጠቅላላ 4 እሰጣለሁ፣ እንሂድ ወይ ብትሉኝ አዎ ሂዱ እላለሁ፣ በተለይ «ሰው የለኝም» ለምትሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጠይቁ። የሚሰጠው ሰው ምን ሥልጠና ወስዷል? ከበላዩ ሆኖ የሚከታተለው ባለሙያ አለ? ቢያመልጠኝ ማካካሻ አለ? ክፍሉን አሳዩኝ በሉ፣ በር ዘግታችሁ ውጭ ያለው ሰው ይሰማችሁ እንደሆነ ሞክሩ። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ልባችሁ ከከበደ፣ ሥራ መጀመር ካቃታችሁ ይህ ይጠቅማችኋል። ራሳችሁን ስለመጉዳት የምታስቡ ከሆነ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ።

ከቡድኑ 5ታችን አሁንም እንገናኛለን። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደን የዓሣ ሾርባ እንጠጣለን፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከዓሣ አጽጂዎቹ ሥር አይርቁም፣ ጋሼ ሁልጊዜ ሒሳቡን እኔ ካልከፈልኩ ይላሉ። ባለፈው ሳምንት «እሺ» አልናቸው፣ ደስ አላቸው።

ነገ ማክሰኞ ነው። እትዬ የልጃቸውን ቀሚስ ጠርዙን እንድጠቅምላቸው ሰጥተውኛል፣ ዛሬ ማታ እጨርሰዋለሁ።